ለቁም ሰው የተተከለ ድንኳን

እህቴ ሁለት ጊዜ ተለቅሶላታል። የመጀመሪያው ለቅሶ ቢቸና ሲለቀስ እሷ አዲስ አበባ ምሳዋን እየበላች ነበር። ይህን ሳወራ ሰው ይስቃል። እኔም አብሬ የምስቅበት ቀን አለ፤ የሚበዛው ግን የምናደድበት ነው። የሚስቁት "የገጠር ሰው ሲኒማ መች ያውቃል" እያሉ ነዋ! ነገሩ እነሱ እንደሚሉት ቀላል አልነበረም።

አባቴ የዜማ መምህር ነበር። ቤታችን ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጋር የተጣበቀ ስለሆነ የተማሪዎቹ ድምፅ በጭቃው ግድግዳ አልፎ መኝታችን ድረስ ይመጣል። ተማሪዎቹ "የኔታ" ይሉታል። እኛ ልጆቹም ከእነሱ ሰምተን "የኔታ" ነበር የምንለው፤ "አባባ" ብሎ የጠራው ልጅ በቤታችን አልነበረም። ቁጡ ሰው አልነበረም። ቁጡ ቢሆን ይሻለን ነበር። አንድ ተማሪ ሲስት "እዚህ ተንፍስ፣ እዚህ አንሣ፣ ድገመው" ካለው ያ ተማሪ ዕድለኛ ነው። ተስፋ የቆረጠበትን ግን አያርመውም። እስኪጨርስ ዝም ብሎ ይሰማውና ወደሚቀጥለው ልጅ ይዞራል። ተማሪዎቹም ይህን ጠባዩን ስለሚያውቁ፣ ስቶ ያልታረመ ልጅ ብዙ ሳይቆይ አኩፋዳውን አንግቶ ሌላ መምህር ፍለጋ ይሄዳል።

ሴት ልጅ ዜማ አትማርም። ታላቅ እህቴ ግን ከግድግዳው ወዲህ ቁጭ ብላ ጥጥ ስትፈትል፣ ተማሪዎቹ ከግድግዳው ወዲያ የሚማሩትን ሁሉ ተምራዋለች። ድምፅዋ ቀጭን ነበር። ቀጭን ስል የደከመ ማለቴ አይደለም። ታቦት ሲወጣ ሴቶቹ ሁሉ እልል ብለው ሲያበቁ የእሷ እልልታ ብቻ ገና ከላይ ነው። ሰዎች ዞር ዞር ብለው ያዩዋታል። እናቴ በክርኗ ጎሸም ታደርጋታለች።

እህቴ ከዚህ ዓለም የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ አባታችን እንዲያርማት። እኔ ይህን የማውቀው አንድ ነገር ስታደርግ ስላየኋት ነው። ጉባኤው ጸጥ ሲል ጠብቃ፣ የዕለቱን ትምህርት ከግድግዳው ወዲህ ጮክ አድርጋ ታዜማለች። ከዚያም አውቃ ትስታለች። ትክክለኛውን ከተማሪዎቹ አብልጣ ታውቃለችኮ! ስታ ዝም ትላለች፤ ጆሮዋን ወደ ግድግዳው ታደርጋለች። አባቴ መስማቱን እናውቃለን፤ ወዲያ ማዶ ያለው ጸጥታ ትንሽ ይረዝማል። ቀጥሎ "እሺ፣ አንተ ቀጥል" ሲል ይሰማል። እህቴ እንዝርቷን ታነሣለች። አንዴ "እኔን የተወኝ ገና ሳልጀምር ነው" አለችኝ።

የአባቴ እህት ያገባችው ሞጣ ነው። ለንግሥ በዓል ወደ እሷ በሄድን ቁጥር የከተማው ልጆች ስለ ሲኒማ መኪናው ያወሩልን ነበር። አንድ ዓመት ገጠመን። መኪናው ትምህርት ቤቱ ግቢ ገብቶ ቆመ፤ ነጭ አቡጀዲ ግድግዳው ላይ ተወጠረ፤ ዓይን ያዝ ሲያደርግ ጄኔሬተሩን አስነሡት። አባቴም ከሞጣ ካህናት ጋር መጥቶ ነበር። ጃንሆይ ድልድይ ሲመርቁ አየን። ወባ የሚያጠፉ ሰዎች ቤት ለቤት መድኃኒት ሲረጩ አየን። ተማሪዎች ሰልፍ ሲወጡ አየን። በመጨረሻ አንዲት ፈረንጅ ረጅም ነጭ ቀሚስ ለብሳ ብቅ አለችና መዝፈን ጀመረች።

ሶፕራኖ የሚባል፣ ከሴት ድምፅ ሁሉ የላይኛው ድምፅ እንዳለ ያወቅሁት በኋላ ነው። ያን ቀን የመሰለኝ ሴትዮዋ ጠላት የመጣባት ነው። ግቢው በሳቅ ፈረሰ። አንድ ሽማግሌ "ኧረ እባካችሁ፣ ይችን ሴትዮ ምን ነካት? ውሃ ስጧት!" ሲሉ ሕዝቡ ጭራሽ ባሰበት። አባቴ አልሳቀም። ሁለት እጁን መቋሚያው ላይ አድርጎ፣ አንገቱን ወደ ፊት ሰገግ አድርጎ ይሰማል። ሴትዮዋ ስትጨርስ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሱ፣ "ትንፋሿን የምትስበው ከመውጣቷ በፊት ነው። ከወጣች በኋላ አትነካውም" አለ።

እህቴ አጠገቡ ነበረች። ፊቷን አየሁት። የተደሰተች መስሎኝ ነበር፤ አልነበረም፤ ተቆጥታ ነበር። ወደ ቢቸና ስንመለስ በጫነን የጭነት መኪና ላይ የእህል ጆንያ ተደግፈን ተቀምጠን "አቡጀዲ ላይ ያለችውንማ ሰማት" አለችኝ።

"ታዲያስ?"

"ታዲያማ እኔም አቡጀዲ ላይ መውጣት አለብኝ።"

ደብረ ማርቆስ ትምህርቷን ጨርሳ፣ ነርስ ልትሆን ተብሎ ወደ አዲስ አበባ ተላከች። ነርስነቱን ሳታጋምስ አንድ ትያትር ቤት ገባች። የዚያን ጊዜ ኑሮዋን የነገረችኝ ቆይታ ነው። መጀመሪያ ከአዝማች ተቀባዮቹ ኋላ አቆሟት፤ ድምፅዋ ግን ከሌሎቹ ጋር አልገጥም ብሎ ሾልኮ እየወጣ አስቸገረ። ሙዚቃ የሚያስተምር አንድ ፈረንጅ ለብቻዋ ፒያኖው አጠገብ አቁሞ ሞከራትና "ይህን ማን አስተማረሽ?" አላት። "ግድግዳ" ብላ መለሰችለት። ሰውየው አማርኛዬ ነው የማይረባው ብሎ ወደ ፒያኖው ዞረ። መድረክ ላይ ብቻዋን የወጣች ቀን ተመልካቹ አፏጨባት፤ "ወፏ!" እያሉ። ዓመት ሳይሞላ እነዚያው ሰዎች ወፏን ሊሰሙ ተሰለፉ። ከዚያ በሬዲዮ መጣች።

ቢቸና የደረሰው ወሬ ግን "የየኔታ ልጅ አዝማሪ ሆነች" የሚል ነው። አዝማሪን በየሠርጉ እንጠራዋለን፣ እናጠጣዋለን፣ ምላሱን እንፈራለን፤ ልጃችን አዝማሪ ሆነች ሲባል ግን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠን እንወዳለን። ያኔም እንዲህ ነበርን። አባቴ ወሬውን የሰማው ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላም ውስጥ ነው፤ እንደ እሱ ያለ አንድ መምህር በቀልድ አስመስሎ ወጋው። ቤት ገብቶ ጥምጥሙን ሳያወልቅ እናቴንና እኔን ጠራን።

"ከዛሬ ጀምሮ ስሟ በዚህ ቤት አይጠራ" አለ። "ድምፅዋም አይሰማ። ገዝቻለሁ።"

ግዝት በካህን ቤት ቁጣ ብቻ አይደለም። ያሰረው ሰው በራሱ አፍ "ፈትቻለሁ" እስኪል ድረስ ይይዛል፤ ሳይፈታ ከሞተም እንደታሰረ ይቀራል። እናቴ መሬት መሬት እያየች "እሺ የኔታ" አለች። እኔም እሺ አልኩ። ጎረቤቱም ሳይነገረው ግዝቱን ያዘልን። ሬዲዮ ያለው ጠጅ ቤት፣ የእሷ ዘፈን ሲመጣ ከእኛ ቤት አንዱ በደጅ ሲያልፍ ካየ ድምፁን ይቀንሳል። ግዝቱ የማይዘው አንድ ሰው ነበር፤ ጨውና ጋዝ የሚሸጠው እስላም ነጋዴ። እሱ ሬዲዮውን አይቀንስም። እናቴ ስትገባ ደግሞ ጨው መመዘኑ ይረዝምበታል። ሚዛኑን ያስተካክላል፣ ያፈሰዋል፣ መልሶ ይመዝናል። እናቴ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ድረስ ስባ ቆማ ትጠብቀዋለች። ዘፈኑ ሲያልቅ ጨውም ያልቃል። ሁለቱም ስለዚህ ነገር አንድ ቀን አልተነጋገሩም።

በዚህ ሁኔታ ዓመታት ሄዱ። አዲስ አበባ ውስጥ እህቴን የያዘ ዘፈን የበዛበት ፊልም መሠራቱን እኛ አላወቅንም። ታሪኩ የአንዲት የገጠር ልጅ ነው፤ ከተማ ትገባለች፣ ትዘፍናለች፣ ትታመማለች፣ አልጋ ላይ ሆና የመጨረሻ ዘፈኗን ትዘፍንና ትሞታለች። ከዚያ ትገነዛለች፤ ሴቶች ደረታቸውን እየደቁ ያለቅሱላታል፤ ቄስ መስቀል ይዞ ይቆማል። ያቺ የሲኒማ መኪና ይህን ፊልም ጭና ሞጣ ገባች። አክስቴም እንደ ወትሮዋ ነጠላዋን አጣፍታ ልታይ ሄደች።

እስቲ ፍረዱ። አክስቴ በዚያ አቡጀዲ ላይ አንድም ቀን ውሸት አይታ አታውቅም። ድልድዩ እውነት ነበር። ጃንሆይም እውነት ነበሩ። የወባ ሰዎቹ በኋላ እውነትም መጥተው የራሷን ቤት ረጭተውላታል። አሁን ደግሞ የወንድሟን ልጅ፣ አዝላ ያሳደገቻትን ልጅ፣ ስትሞትና ስትገነዝ አየቻት። ምን እንድታደርግ ነበር የሚፈለገው?

መርዶ የሚነገረው ማለዳ ነው። ገና ወፍ ሲንጫጫ ግቢያችን በሰው ተሞልቶ ነበር፤ ጎረቤቱ ሁሉ ከእኛ በፊት ሰምቷል። የአባቴ የነፍስ አባት፣ አንድ አዛውንት ቄስ፣ ከፊት ቆመዋል። አክስቴ ከሞጣ ሰዎች ጋር ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ፊቷን ነጭታ ቆማለች። አባቴ በሩ ላይ ሲወጣ "ወንድምዬ፣ ልጅህን! ወንድምዬ፣ እዚያው ቀረችብህ!" ብላ መሬት ላይ ወደቀች።

"ማን አየ?" አለ አባቴ።

"እኔው በዓይኔ! ስታጣጥር አየሁ፤ ሲገንዟት አየሁ፤ ሴቶቹ ሲያለቅሱላት አየሁ፤ እኔም እዚያው አብሬ አለቀስሁ!"

የት አየሽ ብሎ የጠየቃት የለም። መርዶ ያመጣን ሰው አይመረምሩትም። ፊቷ ደም ያዘለን ሴት መቼ፣ የት፣ እንዴት እያሉ ማፋጠጥ "ዋሽተሻል" ማለት ነው፤ ነውር ነው። ሁላችንም አዲስ አበባ ድረስ ሄዳ ደርሳባት ነው ብለን አመንን። እኔ እስከ ዛሬ በዚህ ማንንም አልወቅስም።

አባቴ ጥምጥሙን አውልቆ ወረወረው። ራሱን ገልጦ በሰው ፊት ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። "ፈትቻታለሁ!" አለ። "እግዚአብሔር ይፍታት! ፈትቻታለሁ! ስሟን ጥሩ!" ያን ጊዜ እናቴ የዚያን ሁሉ ዓመት ዝምታ በአንድ ጩኸት አወጣችው። የእህቴን ስም ከእናቴ አፍ ከስንት ዓመት በኋላ ሰማሁት።

ድንኳን ተተከለ። እናቴ እህቴ የተወችውን የጥምቀት ቀሚስ ከሳጥን አወጣች፤ ሴቶቹ ከፍ እያደረጉት አለቀሱበት። ካህናቱ ሬሳ በሌለበት ፍትሐት አደረሱ። አባቴ ድንኳኑ ጥግ መሬት ላይ ተቀምጦ፣ የሚመጣውን ለቀስተኛ በአንገቱ ብቻ ይቀበላል።

በሠልስቱ የጤና ጣቢያው ድሬሰር ሊያስተዛዝን መጣ። ለሥራ ሞጣ ሰንብቶ መመለሱ ነበር። ተቀምጦ የአክስቴን ሙሾ ያዳምጣል። አክስቴ አሟሟቷን እያወረደችው ነው፤ ነጩን አልጋ፣ ራስጌ ያለውን ፋኖስ፣ እጇን ይዞ የሚያለቅሰውን ጥቁር ኮት የለበሰ ሰው። የድሬሰሩ ፊት ሲለዋወጥ አየሁ። ቄሱን በእጃቸው ይዞ ወደ ውጭ ሲያወጣቸው ተከትዬ ወጣሁ፤ አክስቴም ነገሩ ገርሟት መጣች።

"አባ፣ ይኸ እኮ ፊልም ነው። እኔም ሞጣ ነበርሁ፤ አይቸዋለሁ" አላቸው።

"ፊልም መሆኑንማ መች አጣነው" አለች አክስቴ በቁጣ። "ጃንሆይንስ በፊልም አይደል ያየናቸው?"

"እሱ እውነት ነው እትዬ። ይኸኛው ትያትር ነው። ሲሞቱ አይሞቱም።"

"ስትገነዝ እያየሁ?"

"ስትገነዝም።"

አክስቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቆመች። ቄሱ አማተቡ። ከዚያ ሁለቱ ወንዶች ወደ ስልክ ቤት ሮጡ፤ ከብዙ መከራ በኋላ ትያትር ቤቱ ተገኘ። እህቴ ደኅና ነች። የራሷን መርዶ ሰምታ፣ መኪና ፍለጋ ወጥታለች።

እንደዚያ ያለ ጊዜ ምን ይደረጋል? የሞተ ሲቀበር የሚደረገውን ሁሉ እናውቃለን፤ የሞተ ሲነሣ የሚደረገውን ግን የሚያውቅ ጠፋ። ድንኳኑ ይፍረስ ያለ አለ። እስክትታይ ይቆይ ያለ አለ። ወሬው ያልደረሳቸው የሩቅ ገጠር ዘመዶች እየጮሁ ይመጣሉ፤ በር ላይ እየያዝን "ዝም በሉ፣ አልሞተችም" ስንላቸው "ታዲያ ድንኳኑ የማን ነው?" ይሉናል። አክስቴ ጓዳ ገብታ አልወጣም አለች። አባቴ ሁሉም ነገር ተነገረው። አልተቆጣም፣ እልልም አላለም። ራሱን እንደገለጠ እዚያው ጥግ ተቀምጦ ቀረ።

እህቴ በአውቶቡስ መጣች፤ ግራጫ ኮት ለብሳ፣ አቧራ ለብሳ። ሰዉ ከመንገዱ ላይ ሸሸላት። ያማተቡም አሉ። አንዲት ባልቴት ጠጋ ብለው እጇን ነካ አደረጉና "ትሞቃለች" ብለው ለሰዉ ተናገሩ። እናቴ ተጠመጠመችባት፤ ሁለቱ መላቀቅ አቅቷቸው ብዙ ቆዩ። ከዚያ እህቴ ድንኳኑ ውስጥ ገባች። የገዛ ቀሚሷ ተሰቅሎ አየች። ከቀሚሱ ሥር አባታችንን አየች።

ቄሱ ወደ አባቴ ተጠጉ። "የኔታ፣ እግዚአብሔር ልጅዎን መልሶ ሰጠዎ። ፈትተዋታል፤ ሁላችንም ሰምተናል። እስቲ አሁን ደግሞ በፊቷ ይበሉት።"

አባቴ ቀና አላለም።

"እኔ የፈታሁት የሞተችውን ነው" አለ በመጨረሻ። "ይች አልሞተችም።"

እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በዚያች ሰዓት አባቴን ጠላሁት። ሞታ ቢሆን ኖሮ ይቅር ብሏታል ማለት ነው! እናቴ "ወይኔ፣ ወይኔ" ትላለች ቀስ ብላ። እህቴ ተመልሳ ትወጣለች ብዬ ነበር፤ እኔ ብሆን እወጣ ነበር።

እሷ ግን ኮቷን አወለቀች። ቀሚሷን ከተሰቀለበት አወረደችና ከሴቶቹ መሃል ጭድ ላይ ተቀመጠች፤ ቀሚሱን ጭኗ ላይ ዘረጋችው። ድንኳን እስከቆመ ድረስ የገባ ሁሉ ያለቅሳል፤ ለቀስተኛን ዝም በል የሚል ግዝት የለም። ይህን እሷም ታውቃለች፣ አባቴም ያውቃል። ዓይኗን ጨፍና ሙሾ አወረደች፦

*ለኔ ያለቀሳችሁ፣ እንባችሁን አብሱ፤*
*አባቴ ነው እንጂ የሞተብኝ እሱ።*

ሴቶቹ "ኧረ በማርያም!" ብለው ፊታቸውን ሸፈኑ። በቁሙ ላለ አባት፣ ያውም ፊት ለፊቱ! እሷ አላቆመችም። የመጨረሻዋን ቃል ይዛ ወደ ላይ ሄደች፤ ከአጥሩ፣ ከዛፎቹ በላይ፣ ሞጣ እንደሰማናት ሴትዮ። ከላይ ስትደርስ ግን ደከማት። መንገዱ፣ አቧራው፣ ልቅሶው፣ ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ትንፋሽ ልትወስድ ስትል ድምፅዋ ለሁለት ተሰነጠቀና ወደቀ።

ጸጥ አለ። አባቴን አየሁት። ያን ጸጥታ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ከግድግዳው ወዲያ ሆኖ የሚረዝመው ጸጥታ ነው። ቀጥሎ ፊቱን ወደ ሌላ እንደሚያዞር ጠበቅሁ። እህቴም ይህንኑ የጠበቀች ይመስለኛል፤ ጣቶቿ ቀሚሱን ጨምድደው ይዘዋል።

"ከወጣሽ በኋላ አትተንፍሺ" አለ አባቴ።

መጀመሪያ ያናገረው እሷን መሆኑን የተረዳ ሰው አልነበረም። ቀና ብሎ አያት። ዓይኑ በእንባ ተሞልቷል፤ ድምፁ ግን የሰኞ ጠዋት የጉባኤ ድምፅ ነው።

"ከመውጣትሽ በፊት ሳቢው። ከዚያ በኋላ አትንኪው። በይ፣ ድገሚው።"

እህቴ በቀሚሷ ፊቷን ጠረገች። ትንፋሿን ሳበች፤ ትከሻዋ ከፍ ሲል አየሁት። ደገመችው። ቃሉ ያው ነበር፤ የሞተብኝ አባቴ ነው የሚለው። አባቴ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ አንገቱን ወደ ፊት ሰገግ አድርጎ፣ እስከ መጨረሻው ሰማው። ድምፅዋ ወደ ላይ ወጣ፤ እዚያም ቆየ። አክስቴ ከጓዳ ወጥታ በሩ ላይ ቆመች።

ድንኳኑን ያፈረስነው ከዚያ በኋላ ነው።